አዲሱን ቤታችንን በማን ምርጫ እናሳምረው?

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

የከበረ ሰላምታዬን በማስቀደም ጉዳዬን እጽፋለሁ። የ33 ዓመት ሴት ስሆን በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ባለቤቴ በግል ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ አራት ዓመት የሞላት ልጅ አለችን። ባለቤቴ በ2005 ዓ.ም. ተመዝግቦ ሲቆጥብለት የኖረው የ20/80 ኮንዶሚኒየም ደርሶን፣ ቦሌ አራብሳ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተረከብን። ቁልፉን በተቀበልንበት ዕለት ሁለታችንም አልቅሰናል። የመታጠቢያ ቤቱን፣ የወጥ ቤቱንና የወለሉን ፊኒሺንግ አስጨርሰን አሁን በእጃችን 250,000 ብር ገደማ ቀርቶናል። ጥር ላይ ዘመድ ወዳጅ ጠርተን ቤቱን ለማስመረቅ አስበናል።

ችግሩ የመጣው ስለ ዕቃ ማውራት ከጀመርን በኋላ ነው። ባለቤቴ ሳሎኑን የሚሞላ ትልቅ ኤል ሼፕ ሶፋ፣ ጣራው ላይ መብራት የተቀበረበት ጂፕሰም፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ደግሞ የተዋበ ግድግዳ እንዲሠራ ይፈልጋል። ዋጋውን ስንደምረው ከ400,000 ብር አለፈ፤ የጎደለውን ከመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር ልበደር ይላል። ለባንክ የምንከፍለው የቤቱ ዕዳም በየወሩ አለብን። የእኔ ምኞት ሌላ ነው። ያደግሁት ደሴ አያቴ ዘንድ ነው፤ እሳቸው ሲያርፉ አንድ መሶብና ሦስት ሰፌድ ቀርቶልኛል። ግድግዳው ላይ እነዚያ ሰፌዶች ተሰቅለው፣ ሶፋው ቀለል ያለ ሆኖ፣ በረንዳው አጠገብ ቡና የሚፈላበት ቦታ ኖሮ፣ ሳሎኑ ብርሃንና ባዶ ቦታ ያለው እንዲሆን እመኛለሁ። ይህንን በስልኬ ከሰበሰብኳቸው ፎቶዎች ጋር ባሳየው «ይኼ እኮ የባህል ምግብ ቤት ነው የሚመስለው» አለኝ። እኔም ተናድጄ «ያንተ ደግሞ የሶፋ መሸጫ ሱቅ ይመስላል» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት ሆነን፤ ስለ ቤቱ አንነጋገርም።

አማቴ ደግሞ ከዋንዛ የተሠራ ትልቅ አሮጌ ቡፌያቸውን ሊሰጡን ይፈልጋሉ። ባለቤቴ አሮጌ ነው ብሎ ያፍርበታል፤ እኔ እንቢ ማለት ከብዶኛል፤ ነገር ግን የት እንደማስቀምጠው አላውቅም። ሳሎናችን 3 ሜትር ከ60 በ4 ሜትር ተኩል ብቻ ነው። እኛ ራሳችን የምንተኛበት ፍራሽ ከተጋባን ጀምሮ የኖረ ሲሆን መሃሉ ጎድጉዷል፤ እሱ ግን በማንኛችንም ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ባለቤቴ ያደገው መርካቶ አካባቢ በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው፤ እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጠው አልጋ ላይ እንደነበረ አንድ ጊዜ ነግሮኛል። ክፉ ሰው አይደለም። እኔም አሁን አሁን ፍላጎቴ ትክክል መሆኑን እየተጠራጠርኩ፣ የሚመጣው ሰው «ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቀው ይኼ ነው?» ይለን ይሆን እያልኩ እሰጋለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ሰ. ነኝ፣ ከቦሌ አራብሳ

---

ውድ ጠያቂያችን፤

ጭቅጭቁ የተነሣው በሶፋና በሰፌድ ቢሆንም፣ ከደብዳቤዎ ሁሉ ይበልጥ የያዘችኝ ወደ መጨረሻው ጣል ያደረጓት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ባለቤትዎ ያደጉበት ቤት እንግዳ አልጋ ላይ ይቀመጥ እንደነበር የነገሩኝ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ክፍል ያደገ ልጅ እንግዳ ሲመጣ ወደ ውጭ ይላካል፤ ወይም እናቱ አልጋውን በጥድፊያ ስታነጥፍ ቆሞ ያያል። ይህ ልጅ ጎልምሶ፣ ዓመታት ቆጥቦ የራሱን ቤት ሲያገኝ ትልቅ ሶፋ ቢመኝ የሰውን ዓይን ፈልጎ ነው ብዬ ለመፍረድ እቸገራለሁ። በእርግጥ ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ትክክለኛውን መልስ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ስለዚህ በዋጋና በመጠን ላይ ከመከራከርዎ በፊት፣ ልጅዎ በተኛችበት ሰዓት አንድ ጥያቄ ብቻ በእርጋታ ቢጠይቋቸው ደስ ይለኛል፤ «ሶፋውን ስታስበው ማን ተቀምጦበት ነው የሚታይህ?» መልሱ እናታቸው ከሆኑ፣ ወይም ያኔ አልጋ ላይ ይቀመጡ የነበሩት አጎት ከሆኑ፣ የምትነጋገሩበት ጉዳይ በዚያው ቅጽበት ይለወጣል። ሰውን በክብር ለማስቀመጥ የሚያስፈልገው ዕቃና ክፍሉን የሚሞላው ዕቃ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ይህንንም ያኔ አብራችሁ ማየት ትችላላችሁ።

የእርስዎንም ምኞት እንዲሁ ልንጠይቀው ይገባል። ሰፌዶቹ ግድግዳው ላይ ሲሰቀሉ ምን እንዲሰማዎት ይጠብቃሉ? ለዓይን የሚያምር ጌጥ ነው የሚፈልጉት ወይስ የደሴውን ቤት እርጋታ? ይህን የምጠይቀው የባለቤትዎ ንግግር ቢያስከፋዎትም ውስጡ ሊሰማ የሚገባው ነገር ስላለ ነው። መሶብ፣ ረከቦት፣ አገልግል፣ የቆዳ ምንጣፍና የሰፌድ መብራት በአንድ ትንሽ ሳሎን በአንድ ጊዜ ሲሰበሰቡ ክፍሉ ለዕይታ የተዘጋጀ መምሰሉ አይቀርም። የአያትዎ ቤት እንደዚያ አልነበረም ብዬ እገምታለሁ። መሶቡ ይበላበት፣ ሰፌዱ ይበጠርበት፣ ጀበናው ይፈላበት ነበር፤ ውበቱም የመጣው ሁሉም በቦታው ስለሚሠራ ነው። በዚህ ረገድ የሐረርን ቤት ማስታወስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በጀጎል ግንብ ውስጥ ያለው የሐረሪ ቤት እንግዳውን የሚያስቀምጠው ነደባ በሚባሉ፣ ከወለሉ ከፍና ዝቅ ተደርገው በተሠሩ መደቦች ላይ ነው። ከባድ የቤት ዕቃ አይበዛበትም፤ ግድግዳው ግን በስፌት ሥራና በሳህን የተሞላ ነው። እዚያ የገባ ሰው ባለቤቶቹ እጅ አጥሯቸው ሶፋ አልገዙም ብሎ አያስብም። ፍላጎትዎ ትክክል ስለ መሆኑ ለገባዎት ጥርጣሬ ያለኝ መልስ ይኸው ነው፤ ምኞትዎ አገር የሚያውቀው የአኗኗር ወግ አለው፤ ለማንም ማስረዳትም ሆነ ማፈር አይጠበቅብዎትም።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። በስልክ ላይ ያለ ፎቶ ልክ የለውም፤ የሁለታችሁንም ንዴት ያባባሰው በከፊል ይህ ይመስለኛል፤ ሁለታችሁም በሌላ ሰው ሰፊ ሳሎን እየተከራከራችሁ ነው። አንድ ቅዳሜ ሜትርና ጠመኔ ይዛችሁ ባዶው ሳሎን ውስጥ አብራችሁ ግቡ። ባለቤትዎ የወደዱት ሶፋ ስንት በስንት እንደሆነ ከሱቁ ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ ኤል ሼፕ ሶፋዎች በአንድ በኩል ወደ 2 ሜትር ከ80፣ በሌላው ደግሞ 2 ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ሲሆን፣ ከመደገፊያቸው እስከ ፊታቸው 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወስዳሉ። ልኩን ሴራሚኩ ላይ በጠመኔ ይሳሉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል። የቴሌቪዥኑን ማስቀመጫ፣ የምግብ ጠረጴዛውንና የበረንዳው በር ሲከፈት የሚጠርገውን ቦታም ይሳሉ። ከዚያ ትሪ እንደያዘ ሰው ሆናችሁ ተመላለሱበት፤ ልጃችሁንም ሩጪ በሏት። ሰው ሳይጋፋ እንዲያልፍ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል መተላለፊያ ያስፈልጋል። በእናንተ ሳሎን ልክ ስሌቱን ስሠራው፣ ሶፋው በ3 ሜትር ከ60ው ግድግዳ በኩል ቢቀመጥ የሚተርፈው 80 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የኤሉ ሁለተኛ ክንድ ደግሞ በረዥሙ ግድግዳ በኩል እርስዎ ለቡና ወዳሰቡት ቦታ እየተጠጋ ይሄዳል። ይህንን እኔ ከምነግራቸው፣ እርስዎም ከሚነግሯቸው ይልቅ ባለቤትዎ በእግራቸው ቢያገኙት ይሻላል። በዚያው ቀን የደረጃውን ስፋት፣ የደረጃውን መታጠፊያና የመግቢያውን በር መለካት አይርሱ፤ ተከፍሎበት ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክመው አውጥተውት በሩ ላይ የሚቀር ሶፋ ብዙ ነው።

ጂፕሰሙን በተመለከተ አቋሜን በግልጽ ልንገርዎት፤ አሁን ባይሠራ እመርጣለሁ። የኮንዶሚኒየም ጣራ ከፍታው ብዙ አይደለም፤ ተንጠልጥሎ የሚሠራ ጂፕሰም ደግሞ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ያደርገዋል፤ እርስዎ የሚመኙትን ስፋትም ባለቤትዎ የሚመኙትን ግርማም ይቀንሳል። ሶፋ ቢሰለች ይሸጣል፤ ወደ ሌላ ቤትም ይሄዳል፤ ጣራ ላይ የተለጠፈ ገንዘብ ግን ተመልሶ አይወርድም። የቴሌቪዥኑ ግድግዳ በአንጻሩ በትንሽ ወጪ ሊሳካ ይችላል፤ ያንን አንድ ግድግዳ ከሌሎቹ ጠቆር ባለ ቀለም ቀብቶ ሽቦዎቹን በግድግዳው ውስጥ ማሳለፍ ባለቤትዎ ከፎቶው ላይ የወደዱትን አብዛኛውን ነገር ይሰጣቸዋል። ሽቦና ሶኬት ግን ከቀለሙ በፊት ይሠራ። ለቴሌቪዥኑ፣ ለፍሪጁ፣ አልጋው አጠገብ ስልክ ለመሙላት የት የት ሶኬት እንደሚያስፈልግ አሁን አስባችሁ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ፤ ከቀለሙ በኋላ ግድግዳ መብሳት ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ስለ ብድሩ ግን ከዚህ የበለጠ ያሳስበኛል። የቁጠባና ብድር ማኅበር ብድር ከደመወዝ ላይ በቀጥታ ስለሚቆረጥ በየወሩ አይታወቅም፤ ቢሆንም ይጎድላል። የቤቱ ዕዳ በየወሩ አለ፤ ልጅዎ መዋዕለ ሕፃናት የምትገባበት ጊዜም ደርሷል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ፣ ከመብራት እስከ መጋረጃ ጨርቅ፣ ምን ያህል እንደተወደደ እርስዎም ያውቃሉ፤ ዛሬ 400,000 የተባለው ሥራው ሳያልቅ ከፍ ማለቱ የሚያስገርም አይሆንም። ባለቤትዎ የሒሳብ ባለሙያ ናቸው። ስለዚህ «አትበደር» ከማለት ይልቅ ሙያቸውን ያክብሩላቸው፤ የባንኩ፣ የማኅበሩና የትምህርት ቤቱ ክፍያ ከሁለታችሁ ደመወዝ ላይ ሲነሣ በየወሩ ለአስቤዛ ምን እንደሚተርፍ በአንድ ወረቀት ላይ እንዲያወጡልዎ ይጠይቋቸው። ቁጥሩ ካላስደነገጣቸው እኔም ምክሬን እንደገና አየዋለሁ። የሚያስደነግጣቸው ከሆነ ደግሞ ውሳኔው የእሳቸውም ይሆናል፤ በሚስታቸው ተሸንፈው የተዉት ነገር አይሆንባቸውም።

በእጅ ባለው 250,000 ብር ምን እንደሚቀድም ከጠየቁኝ መልሴ ፍራሹ ነው። መሃሉ የጎደጎደ ፍራሽ ላይ የሚያድሩ ሁለት ሰዎች፣ እንግዳ በዓመት ጥቂት ቀን ለሚቀመጥበት ሶፋ ሁለት ሳምንት መኳረፋቸው አሳዝኖኛል። በሁለታችሁም ዝርዝር ውስጥ አለመግባቱም ብዙ ይናገራል፤ መኝታ ቤታችሁን እንግዳ አያየውም። እባክዎ ከእሱ ይጀምሩ። ከፍራሹ ቀጥሎ መጋረጃ ይመጣል፤ ብሎኮቹ ፊት ለፊት የሚተያዩ በመሆናቸው ማታ መብራት ሲበራ ሳሎናችሁ ለማዶው ቤት ክፍት ነው። ጨርቁ የመስኮቱን ስፋት እጥፍ ያህል ይሁን፤ የመጋረጃው ብረት ከመስኮቱ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ በግራና በቀኝም ወጣ ብሎ ቢተከል መስኮቱም ክፍሉም ሰፍተው ይታያሉ። ከጠቅላላው ገንዘብ ወደ 25,000 ብር ያህሉን ደግሞ ሳትነኩት አስቀምጡ፤ አዲስ የተገባበት ቤት በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያፈስ ቧንቧ ወይም የሚቀየር ቁልፍ አያጣም። የምግብ ጠረጴዛና ምንጣፍ ለመጠበቅ የማይከፋቸው ዕቃዎች ናቸው፤ የመምህራን ዕቁብ ካላችሁ የሚደርስዎትን ዕጣ ለእነሱ ማሰብ ይችላሉ።

ሶፋው ይገዛ፤ የሚመርጡትም ባለቤትዎ ይሁኑ። ይህን ስል እርስዎን ወደ ጎን ማለቴ አይደለም። ልኩን አብራችሁ በጠመኔ ወስናችሁ፣ የዋጋውን ጣሪያም አብራችሁ ከቆረጣችሁ በኋላ፣ ሞዴሉንና ቀለሙን እሳቸው በሙሉ ልብ ይምረጡት፤ ግድግዳውና የበረንዳው ጥግ ደግሞ በተመሳሳይ ሁኔታ ለእርስዎ ይተዉ። ሁሉን ነገር በመሃል ላይ መገናኘት ብዙ ጊዜ ማንንም የማያስደስት ቤት ያመጣል፤ ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው የሚወዱት ማዕዘን ያለበት ቤት ግን ይኖርበታል። በእኔ ግምት 2 ሜትር ገደማ የሆነ ባለ ሦስት ሰው ሶፋና ሁለት ነጠላ ወንበሮች ለሳሎናችሁ ይበቃሉ፤ ወንበሮቹ እንደ እንግዳው ብዛት ይጠጋሉ፣ ይርቃሉ፤ ባለቤትዎ የሚመኙት ክብር ደግሞ መደገፊያው ደልደል ባለ፣ በደንብ በተሠራ ሶፋ ይገኛል። ሱቅ ውስጥ ካለው ይልቅ በአናጺ ማሠራት ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ነገር ግን ጨርቁ ሳይሰፋበት ሄዳችሁ እዩት። የውስጡ እንጨት ምንድን ነው? ማያያዣው በሙጫና በብሎን ነው ወይስ በምስማር ብቻ? ስፖንጁን በመዳፍዎ ተጭነው ሲለቁት ቶሎ ይመለሳል ወይስ ተኝቶ ይቀራል? ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ይህን ማየት አይቻልም። ቀብድ ስትከፍሉም የእንጨቱ ዓይነት፣ የስፖንጁ ውፍረት፣ የጨርቁ ናሙናና የማስረከቢያው ቀን በወረቀት ይጻፍ፤ የመጨረሻው ክፍያም ዕቃው ቤታችሁ ገብቶ ሲታይ ብቻ ይሁን። የአራት ዓመት ልጅ ስላለች የመቀመጫው ልብስ በዚፕ የሚወልቅና የሚታጠብ ቢሆን ብዙ ንዴት ይቀርላችኋል።

ወደ አማትዎ ቡፌ ልመለስ፤ በበኩሌ የዚህ ቤት ትልቁ ሀብት እሱ ይመስለኛል። ዛሬ ገበያ ላይ በተመጣጣኝ ዋጋ የሚገኘው አብዛኛው ቡፌ ከኤምዲኤፍ ወይም ከቺፑድ፣ ማለትም ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ ከሚወጣ ጣውላ የተሠራ ነው፤ ውኃ ሲነካው ያብጣል፤ ማጠፊያው አንዴ ከተነቀለ ብሎኑ ዳግመኛ አይይዝም። ዋንዛ ግን ይላጋል፣ ይጠገናል፣ ይቀባል። እንደዚህ ያሉ ቡፌዎች ብዙውን ጊዜ ሁለት አካል ናቸው፤ ታች መሳቢያና መዝጊያ ያለው ሣጥን፣ ላይ ደግሞ ባለ መስታወቱ መደርደሪያ። ሁለቱ ሲነጣጠሉ የታችኛው በወገብ ልክ ስለሚሆን ቴሌቪዥኑን ይሸከማል፤ ባለቤትዎ የፈለጉትን የቴሌቪዥን ማስቀመጫ በእናታቸው ዕቃ አገኙ ማለት ነው። ባለ መስታወቱ ክፍል ወደ መኝታ ቤት ገብቶ የእርስዎን መጻሕፍት ይይዛል። አናጺ ያረጀውን ቫርኒሽ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ አዲስ ቢቀባው የዋንዛው ቀላ ያለ ቡናማ መልክ እንደገና ይወጣል፤ እጀታ የጎደለው ካለ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ተመሳሳዩን ፈልጎ ማግኘት አይከብድም። ነገር ግን አንድ ነገር አደራ፤ አማትዎን ሳያስፈቅዱ ብሎን እንዳይፈታ። በዚያች የኪራይ ክፍል ውስጥ ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናት ያን ቡፌ በምን ችግር እንደገዙት አናውቅም። ባለቤትዎና እርስዎ አብራችሁ ሄዳችሁ «እማማ፣ ቡፌውን ወስደን አሳድሰን ሳሎናችን ውስጥ ዋናው ቦታ ላይ ልናኖረው ነው፤ ቤቱ ስለሚጠብ ግን ለሁለት ብንከፍለው ቅር ይልዎታል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ቅር የሚላቸው ከሆነ ሙሉውን ለመሸከም ቦታ እንደሌላችሁ በአክብሮት መንገርና እሳቸው ዘንድ እንዲቆይ መለመን ይቻላል። ስለ ቡፌው ታሪክም በዚያው ይጠይቋቸው፤ ባለቤትዎ የሚያፍሩበትን ዕቃ በእናታቸው አንደበት ሲሰሙት ሌላ ሊሆንባቸው ይችላል።

ለእርስዎ ወደሚቀረው ጥግ ስንመጣ የምመክርዎት መቆጠብን ነው። ሦስቱን ሰፌዶች ብቻ፣ ከሶፋው በላይ ባለው ነጭ ግድግዳ ላይ፣ አንዱን ከፍ፣ ሁለቱን ዝቅ አድርገው ይስቀሏቸው፤ ሌላ ምንም አይጨምሩበት። ባዶው ግድግዳ ስፌቱን ያጎላዋል፤ የተቀመጠ ሰውም የአያትዎን እጅ ሥራ፣ ቀለሙ የት ተቀይሮ የት እንደተመለሰ፣ ክር በክር ያየዋል። ስንደዶና አክርማ በፀሐይ ስለሚነጡና በእርጥበት ስለሚሻግቱ መስኮት ፊት ለፊትም ሆነ የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ አይስቀሏቸው። ግድግዳው ብሎኬት ስለሆነ ለሰፌድ ትንሽ ምስማር ቢበቃም፣ መደርደሪያ ለመትከል ካሰቡ በድሪል ተበስቶ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ) ይግባበት። መሶቡን ግን ለጌጥ ብቻ አያኑሩት፤ እሑድ እሑድ ብሉበት። ሽሮ ሜዳ ወጥተው ከዶርዜ ሸማኔዎች ወፈር ያለ፣ ቀለም ያለው የእጅ ሥራ ጨርቅ በሜትር ቢገዙ ለሁለት ሦስት የትራስ ልብስ ይበቃል፤ ነጩን ፈትል ለአልጋው ይተዉት፣ ከልጅና ከወጥ ይርቃል። የትራሶቹ ጥለት ባለቤትዎ ከመረጡት የሶፋ ቀለም አንዱን የያዘ ቢሆን የሁለታችሁ ምርጫ እዚያ ላይ ይነካካል።

የቡናውን ጥግ በበረንዳው በር አጠገብ ማሰብዎ ትክክል ነው፤ ምክንያቱም አየር ይፈልጋል። ከሰሉን በረንዳው ላይ አቀጣጥለው፣ ጭሱ ወጥቶ ፍም ሲሆን ያስገቡት፤ ሲገባም በሩ ገርበብ ይበል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ፍም የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፤ ራስ ያዞራል፣ ሰውንም ይገድላል፤ ከክረምቱ ብርድ የተነሣ በሩን ዘግቶ ማፍላት ደግሞ በኮንዶሚኒየም የተለመደ ነው። ረከቦቱ አጠገብ ሁለት የጅማ በርጩማ ይበቃል። እያንዳንዱ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ስለሆነ አይነቃነቅም፤ ቡና በሌለበት ሰዓት የልጅዎ ጠረጴዛ ይሆናል።

ቀለምና መብራት ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። አንድ ሊትር የፕላስቲክ ቀለም በአንድ ዙር 10 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ የሳሎናችሁ ግድግዳ በርና መስኮቱ ተቀንሶ 36 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ለሁለት ዙር ከ7 እስከ 8 ሊትር ይበቃል፤ ቀለም ቀቢው ከዚያ በጣም የራቀ ቁጥር ከጠራ ምክንያቱን ይጠይቁ። አምፖል ሲገዙ ካርቶኑ ላይ 3000 የሚል የተጻፈበትን ይምረጡ፤ እሱ ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን ነው፤ 6500 የሚለው እንደ ቢሮ ነጭ ነው። የዋጋ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ማታ ሳሎኑን የሚለውጠው ግን ከጂፕሰሙ ይልቅ ይህ ነው።

ስለ ጥር ወሩ ምርቃት ያለዎትን ፍርሃት በቀላሉ አላየውም። ሰው ሲመጣ ቤታችን ምን ይመስለዋል ማለት የሁላችንም ነው፤ ዓመታት ለጠበቀ ሰው ደግሞ ይበልጣል። ነገር ግን ለምርቃት 40 ወይም 50 ሰው ከጠራችሁ ኤል ሼፑም ቢገዛ ስምንት ሰው ነው የሚያስቀምጠው። ለዚያ ቀን ወንበርና አግዳሚ፣ ትሪና ብርጭቆ ከዕድር መከራየት ወይም መዋስ ይቻላል፤ የአዲሱን ሠፈር ዕድር ገና ካልገባችሁ የአማትዎ ዕድር ይኖራል። ስለዚህ የሶፋውን ጉዳይ ከምርቃቱ ቀን ነጥላችሁ አስቡት። ሶፋው በየካቲትም ሊደርስ ይችላል፤ እስከዚያው ፍራሹ ተለውጦ፣ መጋረጃው ተሰቅሎ፣ ቡፌው ታድሶ፣ ሰፌዶቹ ከግድግዳው ላይ ሆነው እንግዶቻችሁን መቀበል ትችላላችሁ። አማትዎን በዚያ ቀን ከወንበሮቹ በአንደኛው፣ ልጃቸው በሚፈልገው ቦታ ያስቀምጧቸው፤ የትኛው ቦታ እንደሆነ አስቀድመው ባለቤትዎን ይጠይቁ። ከጠመኔው ቅዳሜ በኋላ ምን እንደወሰናችሁ፣ በተለይም ለመጀመሪያው ጥያቄ ባለቤትዎ ምን ብለው እንደመለሱ ቢጽፉልኝ በደስታ አነበዋለሁ።